ለተከራዮች ኮንፈረንስ ስታንድ ስናዘጋጅ

ሰሞኑን ድምፄ የጠፋው በኮንፈረንስ ዝግጅት ተወጥሬ ነው። ለማታውቁ፣ እኔ የምሰራበት ትንሽዬ ድርጅት እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ለካውንስሎችና (የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው) ለሀውሲንግ አሶሲየሽኖች (ለትርፍ ያልቆሙ ቤት አከራይ ድርጅቶች) የተከራይ ሰርቬይ ነው የሚሰራው፣ ማለት ስልክ እየደወልን ቴክስት እየላክን ሰዉ ስለሚኖርበት ቤት፣ ስለ ጥገናው፣ ስለ አከራዩ ምን እንደሚያስብ እንጠይቅና መልሱን ሰብስበን ለአከራዩ እናስረክባለን። እኔ ራሴም የካውንስል ቤት ውስጥ ስለምኖር ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም። እና ዘንድሮ አለቃዬ ተነስቶ የተከራዮች ተሳትፎ ኮንፈረንስ ላይ ስታንድ (ጠረጴዛ ዘርግተን ስራችንን የምናሳይበት ቦታ) ይዘናል፣ ዝግጅቱ ያንቺ ነው አለኝ፣ በቃ።

ይሄ ኮንፈረንስ ከሌሎቹ የሀውሲንግ ኤግዚቢሽኖች ይለያል። ትልልቆቹ ላይ የምታገኙት ዳይሬክተር፣ ኮንትራክተር፣ ቦይለር ሻጭ፣ በርና መስኮት ሻጭ፣ ሶፍትዌር ሻጭ ነው፣ ሁሉም ሱፍ ለብሶ ካርድ ይለዋወጣል። እዚህ ግን ከአዳራሹ ትልቁን ክፍል የሚይዙት ተከራዮቹ ራሳቸው ናቸው፣ የሬዚደንት ፓነል (አከራዩን የሚያማክር የተከራዮች ቡድን) አባላት፣ የብሎክ ማህበር ሊቀመንበሮች፣ ቦርድ ላይ የሚቀመጡ፣ የአከራያቸውን ስራ እየመረመሩ ሪፖርት የሚፅፉ ሰዎች። ከነሱ ጋር ደግሞ ስራቸው ተከራይን ማሳተፍ የሆነ ኦፊሰሮች አብረው ይመጣሉ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ባቡር፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ ሲከራከሩ።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኤግዚቢሽን የለመደ ሻጭ ሰው ሲመጣ ዓይኑ ፊት ላይ አያርፍም፣ ደረት ላይ ያለው ባጅ ላይ ነው የሚሄደው። ባጁ "ሄድ ኦፍ" ምናምን፣ ማለት የክፍል ኃላፊ፣ የሚል ከሆነ ወንበር ይሳባል፣ ቡና ይቀርባል፣ "ተከራይ" የሚል ከሆነ ደግሞ እስክሪብቶ ሰጥቶ በፈገግታ መሸኘት ነው። ይሄን በወሬ አይደለም የማውቀው፣ ከብሎካችን ተወክዬ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዱ ሻጭ እያናገረኝ በትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር፣ አንገቱ እስኪረዝም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሲሰጠኝ ለአለቃዬ የነገርኩት የመጀመሪያ ነገር ስታንዱን ለተከራይ ነው የማዘጋጀው ነው። እሱ ታዲያ "ተከራይ ኮንትራት አይፈርምም'ኮ" አለኝ። እውነቱን ነው አይፈርምም፣ ግን ኮንትራቱ እንዳይፈረም ማድረግ ይችላል፣ ብዙ አከራዮች አሁን እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ሲገዙ ተከራዮችን አስቀምጠው ነው የሚያስመርጡት፣ ነጥብም ያሰጧቸዋል። ማን ስታንዱ ላይ እንዴት እንዳናገራቸው ደግሞ አይረሱም።

ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ ይሄ ነገር ለምን እንዲህ እንደከበደ ካላስረዳሁ ወሬዬ ግማሽ ይቀራል። በጁን 14፣ 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ፣ ነዋሪዎቹ ስለ እሳት አደጋ ቀድመው ሲጮሁ ነበር፣ ሰሚ አጡ እንጂ። በዲሴምበር 2020 ደግሞ ሮችዴል ውስጥ አዋብ ኢሻቅ የሚባል የ2 ዓመት ህፃን ቤቱ ውስጥ በነበረው ሻጋታ ምክንያት ሞተ፣ ቤተሰቡ ስለ ሻጋታው በተደጋጋሚ አመልክተው ነበር። ከነዚህ በኋላ ነው በ2023 የሶሻል ሀውሲንግ ሬጉሌሽን አክት፣ ማለት የካውንስልና የአሶሲየሽን ቤቶች ቁጥጥር ህግ፣ የወጣው፣ ከኤፕሪል 1፣ 2024 ጀምሮም ሬጉላተሩ (እነዚህን አከራዮች የሚቆጣጠረው አካል) አዳዲስ ስታንዳርዶች በስራ ላይ አዋለ፣ አንዱ ግልፅነትን፣ ተፅዕኖንና ተጠያቂነትን የሚመለከት ነው፣ በአጭሩ ተከራዩን ስማው፣ ሰምተህም ምን እንዳደረግክ አሳየው ነው የሚለው። ከ1,000 ቤት በላይ ያለው አከራይ ኢንስፔክሽን ይመጣበታል፣ ከሲ1 እስከ ሲ4 ግሬድ ይሰጠዋል፣ ሲ4 ያገኘ በጣም ከባድ ችግር አለበት ማለት ነው። በህፃኑ ስም የአዋብ ህግ የሚባለውም ከኦክቶበር 27፣ 2025 ጀምሮ በስራ ላይ ነው፣ ለጤና ወይ ለደህንነት ወዲያው የሚያሰጋ ነገር ከሆነ አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ መርምሮ አደጋውን ማስወገድ አለበት፣ ከዛ መለስ ያለ ግን ከባድ የሆነ የዳምፕና (የቤት እርጥበት) የሻጋታ ችግር ከሆነ ደግሞ በ10 የስራ ቀን ውስጥ መጥቶ መመርመር አለበት።

እኛን የሚመለከተው ክፍል ሰርቬዩ ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እያንዳንዱ አከራይ 22 መለኪያዎች ላይ ውጤቱን ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ 10ሩ ከራሱ መዝገብ ይወጣሉ፣ 12ቱ ግን ተከራዩ ተጠይቆ የሚመልሳቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ቃል በቃል የተደነገጉ ናቸው፣ እኛ እንደፈለግን አንቀይራቸውም፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ የትኛው መሆን እንዳለበት ተወስኗል። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚገኘው ውጤት የቅሬታ አያያዝ ነው፣ በ2023/24 በሀገር ደረጃ በአጠቃላይ አገልግሎቱ ደስተኛ ነኝ ያለው ተከራይ 71 ከመቶ አካባቢ ሲሆን በቅሬታ አያያዙ ደስተኛ ነኝ ያለው ግን 35 ከመቶ እንኳን በደንብ አልሞላም። እንግዲህ ይሄን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ወደ ስታንዳችን የሚመጡት፣ እስክሪብቶ አያታልላቸውም።

አሰልቺውን ክፍል ቶሎ ልጨርሰው። አዘጋጁ የላከው የኤግዚቢተር ማንዋል፣ ማለት ስታንድ ለያዘ ሰው የተፃፈ መመሪያ፣ አለ፣ ማንበብ ግድ ነው፣ ሰው አያነበውም እንጂ ግማሽ ራስ ምታት እዛ ውስጥ ተፅፎ ይገኛል። የፐብሊክ ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ ወረቀት (በኛ ምክንያት ሰው ቢጎዳ የሚከፍል)፣ የሪስክ አሰስመንት ፎርም (ምን አደጋ ሊደርስ እንደሚችል የሚሞላበት)፣ የምታመጡት ኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ፓት ቴስት (የኤሌክትሪክ ደህንነት ምርመራ) ተደርጎ ስቲከር የተለጠፈበት መሆኑ፣ ቻርጀሩም ኤክስቴንሽኑም ጭምር። ሶኬት ለብቻው ነው የሚከፈልበት፣ ካላዘዛችሁ ጠረጴዛው ጨለማ ውስጥ ነው ማለት ነው። የአዳራሹን ዋይፋይ አትመኑት፣ ሰዉ ሁሉ ለቡና ሲወጣ ይሞታል፣ ስለዚህ ዴሞውን (ስራችንን በስክሪን የምናሳይበትን) ላፕቶፑ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሰራ አድርጌ አስጭኛለሁ። ማራገፊያ ሰዓት ይሰጣችኋል፣ ካለፈ ሳጥናችሁን ተሸክማችሁ ከሩቅ ፓርኪንግ ነው የምትገቡት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። እኔ ነገሬ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚሰጡን አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፣ ከኋላ ግድግዳ። የለመደው አቀማመጥ ጠረጴዛው ከፊት እንደ ባንክ መስኮት፣ ሻጮቹ ከኋላው ቆመው ነው። እኔ ጠረጴዛውን ወደ ጎን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ፊቱን ክፍት አደረግኩት፣ ምክንያቱም ከሚመጡት ውስጥ በዊልቸር የሚመጣ አለ፣ ምርኩዝ የያዘ አለ፣ ጉልበቱ የሚያመው አለ፣ ቀኑን ሙሉ ከወርክሾፕ ወርክሾፕ ሲዞር የዋለ ሰው አለ። ሁለቱ ወንበሮች ለነሱ ናቸው፣ እኛ እንቆማለን። አለቃዬ ይሄን ስነግረው እግሩን አየ። ደግሞ ከፍ ያለ የቡና ቤት ዓይነት ጠረጴዛ እናስመጣ የሚል ሀሳብ ነበር፣ ዘመናዊ ነው ምናምን፣ በዊልቸር ላይ ያለ ሰው እዛ ላይ ያለውን ስክሪን አንጋጦ ነው የሚያየው አልኩና ቀረ።

ባነሩ ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። ተጠቅልሎ የሚዘረጋው ባነር ሁለት ሜትር ቁመት አለው፣ ዲዛይነሯ የላከችው የመጀመሪያው ላይ ከታች ጉልበት ጋ ነው ዋናው ነገር የተፃፈው፣ ሰው ከፊቱ ከቆመ ወይ ቦርሳ ካስቀመጠ ምንም አይታይም። ከላይ ደግሞ "የተከራይ ድምፅ መፍትሄዎች" የሚል ነገር ነበረ። ምንድነው እሱ? መፍትሄ ሲባል የቧንቧ ነው የጣሪያ? አጠፋሁት። አሁን ከላይ በትልቁ የተፃፈው "ስለ አከራይዎ ምን እንደሚያስቡ ደውለን የምንጠይቀው እኛ ነን" የሚል ነው። አለቃዬ ይሄማ በጣም ግልፅ ነው አለ፣ እንደ ወቀሳ። ብሮሸሩንም ፊደሉን አሳድገን፣ ግራጫ ፅሁፍ በነጭ ላይ የነበረውን ጥቁር አድርገን፣ ስምንት ገፅ የነበረውን ወደ አንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አወረድነው። ኪውአር ኮዱ አለ፣ ግን ስልካቸው ካሜራ የማይከፍትላቸው ሰዎች ስላሉ አጠገቡ ስልክ ቁጥራችን በትልቁ ተፅፏል፣ ሰው የሚያነሳው ቁጥር ማለቴ ነው።

ከዛ ከመታተሙ በፊት የሚያፈርሰኝ ሰው ፈለግኩ። ፎቅ ላይ ያሉ አንድ ጎረቤቴ አሉ፣ የኛ ሀገር ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ የሬዚደንት ፓነል ላይ ለዓመታት የተቀመጡ፣ ካውንስሉ ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ኦፊሰሮቹ ወንበራቸው ላይ የሚስተካከሉላቸው ዓይነት። ወረቀቶቼን ይዤ ቤታቸው ወጣሁና ስታንዱ ላይ እንደሚያገኙኝ አድርገው እንዲያናግሩኝ ለመንኳቸው። እኔም ያጠናሁትን ጀመርኩ፣ እኛ የምንሰራው እንዲህ ነው፣ ዳሽቦርድ አለን፣ ውጤቱ ስክሪን ላይ ወዲያው ይታያል...

"ቆይ ቆይ፣" አሉኝ። "ማነው የሚያየው?"

"አከራዩ ነዋ እትዬ።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ... ሪፖርቱ ሲወጣ ዌብሳይታቸው ላይ ያገኙታል።"

"እንግዲያው አንቺ ለነሱ ነው የምትሰሪው።"

"አዎ እነሱ ናቸው የሚከፍሉን።"

"ከምን ላይ ነው የሚከፍሉሽ?"

ዝም አልኩ፣ ወዴት እንደሚወስዱኝ ገብቶኛል። "ከኪራዩ" አልኳቸው።

"ከኔ ኪራይ፣" አሉ እትዬ መነፅራቸውን አውልቀው፣ "ስለዚህ ልጄ፣ እኔ ነኝ የከፈልኩሽ፣ ለኔ ምን እንደማታሳዪኝ ነው አሁን የነገርሽኝ።"

ምን ልበላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ የሴልስ ትሬኒንግ አላገኘሁም። ቢሮ ስገባ ዴሞውን እንዳለ ገለበጥነው። ድሮ የሚጀምረው ማናጀሩ በሚያየው ገፅ ነበር፣ ግራፍ፣ ቀለም፣ ቀስት ወደ ላይ ቀስት ወደ ታች። አሁን የሚጀምረው አንድ ተከራይ ስልክ ላይ "ጣሪያዬ ያፈሳል ብዬ ሶስት ጊዜ ደውያለሁ" ካለ በኋላ ያ ቃል ምን እንደሚሆን ነው። ጠያቂያችን ይመዘግበዋል፣ ስሜ ይነገርልኝ ካለ ብቻ ስሙ ለአከራዩ ይተላለፋል፣ አይነገርብኝ ካለ መልሱ ከሌላው ጋር ተደምሮ ይሄዳል፣ አደጋ የሚመስል ነገር ከሆነ ደግሞ ምን እንደምናደርግ ከመጀመሪያው እንነግረዋለን። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፣ ከስልኩ ተነስቶ አከራዩ ጋ እስኪደርስ። እና ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ሀቁን ፃፍነው፣ "ከዚህ በኋላ ያለው የአከራይዎ ስራ ነው፣ እኛ ጥገና አንልክም" ብለን። አለቃዬ ይሄ እንዲወጣ ፈልጎ ነበር፣ ራሳችንን ትንሽ ያደርገናል ብሎ። እኔ ግን አይወጣም አልኩ፣ ምክንያቱም እትዬን የሚመስል ሰው ያንን ካላየ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሌላው እርግጠኛ ሆኜ የምጠብቀው ጥያቄ "እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" የሚለው ነው። ይሄንን በቁጥር ማስረዳት አለብን፣ ግን ክፍል ውስጥ እንደ ማስተማር ሳይሆን። ህጉ አከራዩ ሁሉንም ተከራይ እንዲጠይቅ አያስገድድም፣ ውጤቱ በተወሰነ ልክ ትክክል እስከሆነና የተጠየቁት ሰዎች ሁሉንም ዓይነት ተከራይ እስከወከሉ ድረስ ናሙና ይበቃል። ለምሳሌ 5,000 ቤት ያለው አከራይ ከሆነ ስህተቱ ከ4 ከመቶ በላይ ወደላይም ወደታችም እንዳይሄድ ነው የሚጠበቅበት፣ ለዚህ 540 አካባቢ ሰው ከመለሰ ይሆናል። ስለዚህ ከዘጠኝ ቤት አንዱ ማለት ነው፣ ስልክ ሳይደወልላችሁ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ይሄን ስነግራቸው የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ "ለማን እንደምትደውሉ ማን ነው የሚመርጠው?" እዚህ ላይ መንተባተብ አይቻልም፣ አከራዩ ደስተኛ የሚመስሉትን መርጦ እንደማይሰጠን ማሳየት አለብን፣ አመራረጡን በወረቀት ይዘናል። እና ሌላ የማልደብቀው ነገር አለ፣ ሰው በስልክ ወይ በአካል ሲጠየቅ ኦንላይን ከሚሞላው ይልቅ ጥሩ ውጤት ነው የሚሰጠው፣ ሬጉላተሩም ራሱ ያየው ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት አከራዮችን ስታወዳድሩ አንዱ በስልክ ሌላው በኢሜይል ጠይቆ እንደሆነ እዩ እላቸዋለሁ። ይሄ ለንግዳችን ጥሩ አይደለም የሚል ሰው ቢሮ ውስጥ አለ፣ የፓነል አባል ግን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ወደ ስብሰባው ሲመለስ የነገረውን ሰው አይረሳም።

ስጦታ ነገር። እስክሪብቶ፣ ቦርሳ፣ በእጅ የሚጨመቅ ኳስ፣ ቸኮሌት... ቸኮሌቱን ተቀበልኩ፣ ሌላውን አስቀረሁ። ዕጣ የሚባለውን፣ ካርድ ጣሉና ታብሌት አሸንፉ፣ አልወደድኩትም። አንደኛ ሰው ለታብሌቱ ነው የሚመጣው፣ ሁለተኛ ስሙንና ስልኩን ሰብስበን ያልጠየቀውን ኢሜይል ልንልክለት ነው፣ ይሄ ደግሞ በዳታ ፕሮቴክሽን ህጉም በይሉኝታም አያስኬድም። በምትኩ ፎርም አለን፣ ሁለት ሳጥን ብቻ፣ "ለጥያቄዬ መልስ ላኩልኝ" እና "ስለ ስራችሁ ላኩልኝ"፣ ሁለቱም ባዶ ሆነው ነው የሚጀምሩት፣ ሰዉ ራሱ ምልክት ካደረገ ብቻ። ፎርሞቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው አይውሉም፣ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ስንት ኤግዚቢሽን ላይ ነው የሰው ስልክ ቁጥር እንደ ሜኑ ተዘርግቶ ያየሁት።

ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ስቲኪ ኖትና ወፍራም ማርከር። ጥያቄው "ሰርቬይ ላይ ጠይቀዋችሁ የማያውቁት፣ ግን መጠየቅ የነበረበት ነገር ምንድነው?" ነው። 12ቱ ጥያቄዎች አይነኩም፣ ግን አከራዮች ከነሱ በኋላ የራሳቸውን መጨመር ይችላሉ፣ እና የሚጨምሩት አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ነው፣ ዌብሳይታችንን እንዴት አገኙት ዓይነት። ሊፍት ስንት ቀን ቆሞ እንደዋለ የሚጠይቅ የለም። የመጣው ኖት ሁሉ ፎቶ ይነሳና ያለ ስም ወደ አከራዮቹ ይሄዳል፣ ይሄን እዛው ግድግዳው ላይ ፅፈነዋል።

ሰዓቱ ላይ ብቻ ልጨምር። እንዲህ ያለ ኮንፈረንስ ላይ አዳራሹ ቀኑን ሙሉ አይሞላም፣ ወርክሾፖቹ ሲካሄዱ ኤግዚቢሽኑ ሙት ነው፣ ከዛ የቡና ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በአንዴ ይፈሳል፣ ምሳ ላይ ደግሞ ሰሃን ይዘው ይመጣሉ፣ ሰሃን የያዘ ሰው ብሮሸር የሚቀበልበት እጅ የለውም፣ ሰሃኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ባዶ ትቼለታለሁ። ባዶ በሆነው ሰዓት አንዳችን ወርክሾፕ ገብተን እንቀመጣለን፣ በተለይ ስለ ቅሬታ አያያዝና ስለ ሻጋታ የሚሆኑት ላይ፣ ዝም ብለን ለመስማት፣ ክፍሉ ውስጥ ካርድ ማደል የለም። አለቃዬን ለጠዋቱ መድቤዋለሁ፣ ከሰዓት እግሩ ሲደክም ይነጫነጫል።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ንግግር ሲጀመር ግማሹ ኤግዚቢተር ባነሩን መጠቅለል ይጀምራል፣ ባቡር አለብን እያለ። እኛ የመጨረሻውን ባቡር ነው የቆረጥነው። የቀረኝ ነገር ባነሩን ከማተሚያ ቤት መቀበል፣ የኤክስቴንሽኑን ስቲከር ማስለጠፍና እትዬን አዲሱን ወረቀት ማሳየት ነው፣ ሀሙስ ማታ ነይ ብለውኛል፣ አለቃሽንም ይዘሽው ነይ ብለውኛል፣ እሱ ገና አልሰማም።